በአማች ፊት

ሥራነሽን ሊቀመንበር ያደረግናት ዲግሪ ስላላት ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ለኮብልስቶን ሥራ ስንደራጅ ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የረገጠች እሷ ብቻ ነበረች፤ ያጠናችው ደግሞ ማኔጅመንት ነው። ማኔጅመንት አጥንታ ሥራ ብታጣ ቁይ ከተማ እናቷ ቤት ከረመች፤ በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ መጥታ ከእኛ ጋር ድንጋይ ለመጥረብ ተመዘገበች። እኔ ዘማርያም እባላለሁ፤ ደብረ ኤልያስ የጀመርኩትን የቅኔ ትምህርት አቋርጬ ነው መዶሻ የጨበጥኩት። አንድ ሰው አስተዳደር ተምሬያለሁ ካለኝ በል አስተዳድረኝ እለዋለሁ እንጂ አልከራከርም። እጃችንን አወጣን፣ ተመረጠች፣ አጨበጨብን፣ ወደ ድንጋያችን ተመለስን።

የተሰጠን መንገድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ እየገመሰው፣ እናቶች ለቅዳሴ ሲወጡ ነጠላቸውን ሰብስበው በአራት እግር ሊሄዱ ምንም የማይቀራቸው ቁልቁለት ነው። ሰኔ ሳይገባ አንጥፈን ማስረከብ ነበረብን። ካላስረከብን ሌላ መንገድ አይሰጠንም፤ ሌላ መንገድ ካልተሰጠን ደግሞ ማኅበሩ ፈርሶ ሁላችንም ወደየመጣንበት ነን።

ሥራው እንዲህ ነው። እኔና ጥቂት ልጆች ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻ እየጠረብን አራት ማዕዘን እናወጣለን፤ ሌሎቹ አሸዋ ይነፋሉ፣ ይሸከማሉ፤ የሚያነጥፈው ደምለው ነው። ሲባጎ ይወጥርና በሲባጎው ልክ ድንጋዩን አሸዋው ላይ እየደረደረ፣ እየመታ ያስቀምጣል። ሜዳ ላይ ቢሆን ሁላችንም እንሞክረዋለን፤ ቁልቁለት ላይ ግን ከደምለው በስተቀር የሚደፍር አልነበረም። ደምለው የይጁቤ ከተማ ልጅ ነው። ዝምተኛ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው።

ሥራነሽ ከተመረጠች ብዙም ሳይቆይ ግምገማ አመጣችብን። ግምገማ ለማናችንም አዲስ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ያልተገመገመ ሰው የለም። ቅዳሜ ከሰዓት መዶሻችንን አስቀምጠን አሸዋው ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እሷ ቆማ የእያንዳንዱን ሰው ጠንካራ ጎንና ደካማ ጎን ትናገራለች። የተነገረበት ሰው ይነሣና ራሱን ይወቅሳል፤ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ይልና ይቀመጣል። እኔ በዚህ ነገር የሚስተካከለኝ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ ደካማ ጎኔ ሥራ ላይ ስሆን ምሳ መብላት መርሳቴ ነው ብዬ ራሴን ክፉኛ ወቅሻለሁ። ሥራነሽ በቁም ነገር ጤናዬን እንድጠብቅ መከረችኝ፤ ልጆቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ አሸዋ ሊቅሙ ደረሱ።

ክፋት ግን አልነበራትም። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትገኛለች፤ አሸዋ ራሷ ትሸከማለች፤ ለማንም አታዳላም። ችግሯ ሰውን የምታውቀው በደካማ ጎኑ ብቻ መሆኑ ነበር። ማን እንደሚያረፍድ፣ ማን ስንት ድንጋይ እንደሚያበላሽ በቃሏ ታውቃለች። ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ማን ምን እንዳስጨነቀው ጠይቃ አታውቅም፤ እኛም ሄደን አንነግራትም። ከቅዳሜ በቀር ከእሷ ጋር የምናወራው ነገር አልነበረንም።

ደምለው በዚያ ዓመት በጥር ሽማግሌ ልኮ ነበር። የላከው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ወደሚያገለግሉት ወደ ቄስ ገብረ ሚካኤል ነው፤ ልጃቸውን ደብሪቱን ፈልጎ። ቄሱ የተከበሩ፣ የተናገሩትን የማይመልሱ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ እሺ ተባሉ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የደብሪቱ ወንድም ይታያል ደግሞ የእኛው ማኅበር አባል ነው፤ ከጎኔ ተቀምጦ ድንጋይ ይጠርባል።

አማችነት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ትናንት በአንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሲናጠቁ የነበሩት ደምለውና ይታያል፣ እሺ ከተባለበት ቀን ጀምሮ አንቱ ተባባሉ። ይታያል ሲመጣ ደምለው ብድግ ይላል። ምሳ ፊት ለፊት አይበሉም፤ አንደኛው ወደ አጥሩ ዞሮ ነው በሶውን የሚጎርሰው። አማች ፊት ሰው ጉንፋን እንኳ አይይዘውም ነው የምላችሁ። እኛም ሥርዓቱን አውቀን ይታያል ባለበት የደምለውን ስም የምናነሣው ለምስጋና ብቻ ነበር። ሥራነሽ ሁለቱ ጎረምሶች አንቱ ሲባባሉ ትሰማለች፤ ፈገግ ስትልም አይቻታለሁ። የሚቀላለዱ መስሏት ነበር። የቁይ ልጅ ሆና ሥርዓቱን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ ሽማግሌ መሄዱን የነገራት ስለሌለ ነው።

ደምለው ሰኞ ሰኞ ያረፍዳል። ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። እኛ ላብ ካጠመቀን በኋላ ነው የሚደርሰው፤ አንዳንዴም የጠላ ሽታ አለው። አንድ ሰኞ ያነጠፈው ረድፍ ተንጋዶ ስለነበር በማግስቱ ነቅለን እንደገና አንጥፈነዋል። ሥራነሽ ይህን ሁሉ አይታለች።

መጋቢት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ተራው ደረሰ።

«ደምለው» አለች። «ጠንካራ ጎኑ እጁ ነው፤ እንደሱ የሚያነጥፍ የለንም። ደካማ ጎኑ መጠጥ ነው። እሑድ ጠጥቶ ሰኞ ስካሩ ሳይለቀው ይመጣል። የነቀልነውን ረድፍ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በል፣ ራስህን ገምግም።»

አሸዋው ላይ የተቀመጠ ሁሉ የገዛ እግሩን ማየት ጀመረ። ይታያል ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። እኔ ደምለውን ላለማየት ስል ሰማዩ ላይ ዳመና እፈልግ ነበር። ደምለው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ሂሱን ተቀብያለሁ» አለ። መልሶ ግን አልተቀመጠም። ጃኬቱን ከድንጋዩ ክምር ላይ አንሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ይታያልም ተነሣና ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ሥራነሽ ሂስን መቀበል እንዲህ ነው ብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ሰኞ ደምለው አልመጣም። ይታያልም አልመጣም። ማክሰኞም እንዲሁ። አበረ የሚባል ጠራቢ እኔ አነጥፋለሁ ብሎ ገባበት፤ ያነጠፈው ረድፍ እባብ መስሎ ወረደ። በመሃል አንድ ከባድ ዝናብ ጥሎ የደለደልነውን አሸዋ ጠርጎ ወንዝ አስገባው። ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው በየጥላው ይቀመጡ ጀመር፤ ስለ ሌላ ሥራም ሹክሹክታ ተጀመረ። ሥራነሽ ረቡዕ ጠዋት ደንቡን ጠቀሰች፤ ያለ ፈቃድ የቀረ አባል ይሰረዛል፣ ሁለቱም ይሰረዛሉ አለች።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። መዶሻዬን ወርውሬ ተነሣሁና ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ደምለው ሽማግሌ መላኩን፣ ይታያል የሙሽራዋ ወንድም መሆኑን፣ ሰካራም ብላ የሰደበችው በሚስቱ ወንድም ፊት መሆኑን፣ ቄስ ገብረ ሚካኤል ነገሩን ሰምተው ለድግሱ የተጀመረው ዝግጅት ሁሉ ይቁም ማለታቸውን ነገርኳት። ደምለው በአንቺ አፍ ሚስት ሊያጣ ነው አልኳት። ይህንንም የተናገርኩት በሰው ሁሉ ፊት እየጮህኩ ነው፤ እኔ ሰው ስመክር እንዲህ ነኝ።

ሥራነሽ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

«መቼ? ቅዳሜ ተነሥተን?» አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም። እጇን አሸዋው ውስጥ ከታ ቁልቁለቱን ታያለች። ንዴቴ ወዲያው ወደ ሐዘን ተለወጠብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያን ያህል ብቻውን የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም መላ መቺ ሆንን። ቄሱ ዘንድ ሽማግሌ ይላክ፤ ሊቀመንበሯ ሰው ተሳስታ ነው፣ የሚጠጣው ሌላ ሰው ነው ይባል አልን። እኔ አበረ ይሸከመው አልኩ፤ አበረ ሚስት አግብቶ ስለጨረሰ የሚያጣው ነገር የለም። አበረ ራሱ ትንሽ አንገራግሮ ተስማማ። ነገሩ አለቀ ብለን እጃችንን ስናራግፍ ሥራነሽ አይሆንም አለች።

«የተናገርኩት እውነት ነው» አለች። «ልጅቷ ከሱ ጋር ልትኖር ነው። በእሷ ላይ አልዋሽም።»

ታዲያ ጥፋትሽ ምንድን ነው፣ እውነት ከሆነ ምን አንገት አስደፋሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ለሱ መንገር ነበረብኝ። ለእናንተ ነገርኩ።»

ግትር ናት ብዬ ተናደድኩ። አንዲት ትንሽ ውሸት አንድ ትዳር ልታድን ስትችል ይህን ያህል መመጻደቅ ምን ይባላል አልኩ በልቤ። በማግስቱ ሥራ ስንለቅ ግን ደምለው ቤት አብረኸኝ ሂድ ስትለኝ እምቢ አላልኳትም። ብቻዋን አንድ ወንደላጤ ቤት ብትሄድ ሌላ ወሬ ነው የሚሆነው።

ደምለው ከተከራየበት ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ጫማውን እየሰፋ ነበር። ሲያያት አቀረቀረ፤ ግን ያደገበት ሥርዓት አላስቀመጠውምና ተነሥቶ በርጩማውን ሰጣት። እሷ በርጩማውን ለእኔ አሳልፋ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ደምለው ቆሞ ቀረ።

«ይታያል አማችህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች። «ማወቅ ነበረብኝ። ባይሆንም እንኳ በሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ስለ ሰኞው ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ደግሞም ለምን እንደምታረፍድ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን እየጠየቅሁህ ነው።»

እኔ በርጩማው ላይ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር ስል እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። እኔ ዝምታ ሲረዝም ያመኛል፤ እሷ ግን ጠበቀች። በኋላ ደምለው ጫማውን እንደያዘ ተቀመጠና ተናገረ። አባቱ ሲሞቱ ይጁቤ የነበራቸው የሰንበቴ ቦታ ለሱ ወርዷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባቱ እኩዮች ጋር ይቀመጣል፤ ከመካከላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌ በእጁ የቀዳለትን ጠላ እንዴት ይመልሳል? የአባቱን ቦታ ንቆ ትቶ መጣ እንዳይባል ሳምንት ሳይቀር ይሄዳል። ሰኞ ማለዳ የመጀመሪያውን መኪና ይጠብቃል፤ መኪናው ካልሞላ አይነሣም።

«አልዋሽሽም» አለ በመጨረሻ። «ሁሉንም ዋንጫ መጨለጥ ግዴታዬ አልነበረም። እሱ የራሴ ጥፋት ነው።»

ሥራነሽ ትንሽ አሰበችና ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ድንጋይ እየጠረብን፣ አሸዋ እየነፋን ብንቆይ፣ ማንጠፉ እሱ ሲደርስ ቢጀመርና ማታ እሱ አምሽቶ ቢያካክስ ምን ይለዋል ብላ ጠየቀችው። ዋንጫው ግን የራስህ ነው፣ እሱን ላንተ ትቼዋለሁ አለችው። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ወራት ሙሉ ደካማ ጎን ብላ በልቧ የያዘችውን ነገር ደፍ ላይ ተቀምጣ በጥቂት ቃል ጨረሰችው።

ደምለው ግን አልተደሰተም። ደብሪቱን ካጣሁ ሰኞ ምን ያደርግልኛል አለ። እመለሳለሁ፣ የጀመርኩትን ረድፍ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ከይታያል ጋር ፊት ለፊት መተያየት አልችልምና አገር ቀይሬ እሄዳለሁ አለን። ሥራነሽ ልታባብለው አልሞከረችም። መንገድ ላይ ስንመለስ ብቻ «አጠፋሁት፣ አይደል?» አለችኝ፤ ምን እንደምላት ስላላወቅሁ አዎ አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ሥራነሽ ከእንግዲህ በዚህ ስብሰባ የሚነሣው የመንገዱ ነገር ብቻ ነው፣ የሰው ነገር ለባለቤቱ ይነገራል አለች። ከዚያ ደግሞ እኔ ላይ የምታዩትን ንገሩኝ አለች። ማንም አልተነፈሰም። ደምለው ሩቅ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። እስኪሰለቸን ጠብቃ እሺ፣ ሲመቻችሁ አለችና በተነችን። እኔ ይህም ሌላ ዘዴ ነው ብዬ ነበር፤ ሰዉም እንደኔ ነው ያሰበው።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ልማድ ያዘች። በየቀኑ ከአንዳችን ጎን ሄዳ ትሠራለች። ከአሸዋ ነፊ ጋር ትነፋለች፣ ከጠራቢ ጋር ሻካራ እጀታ ይዛ ትጠርባለች፣ ጣቷን እየመታች። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ምን ልትገመግም መጣች እያለ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። እያደር አንደኛው የመዶሻው እጀታ መዳፉን እንደላጠው ነገራት፤ በማግስቱ እጀታው ተቀየረ። ሌላው ከሚስቱ ጋር ስለተጣላ እንቅልፍ እንዳጣ ነገራት፤ ይህን ያወቅሁት ከራሱ እንጂ ከእሷ አይደለም። እኔ ጋ የመጣች ቀን እኔ ስለ ራሴ ምንም ሳልናገር ስለ ሌላው ሰው ሁሉ እስከ ምሳ ስለፈለፍኩባት በመምጣቷ የተጸጸተች ይመስለኛል።

ሰዉ ከየጥላው ተነሣ። ሥራው መልሶ ሞቀ። ደምለውም ቃሉን ጠብቆ እያነጠፈ ነው፤ ረድፉ ግን ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚሄድበት ቀን እየቀረበ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይታያል እንደቀረ ነው። ሥራነሽ ጠዋት ጠዋት የይታያልን ባዶ ቦታ አይታ ፊቷን ስታዞር አያታለሁ።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ቄስ ገብረ ሚካኤል መጡ። ጥላቸውን ዘርግተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ይታያልን አስከትለው ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወረዱ። ሴት ልጁን የሚድር አባት ስለ ሙሽራው ያጠያይቃል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፣ የንስሐ አባት ይጠይቃል። አሠሪን ሲጠይቅ ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። መዶሻ ሁሉ ዝም አለ። እየተነሣን መስቀላቸውን ተሳለምን። ደምለው ሲባጎው ላይ እንደተንበረከከ ቀረ፤ ለመቆምም ለመሸሽም አልቻለም።

ቄሱ ዙሪያቸውን አይተው የዚህ ሥራ አለቃ ማን ነው አሉ። ሥራነሽ አሸዋዋን አራግፋ ቀረበች፣ ተሳለመች።

«ልጄን ለዚህ ሰው ልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» አሉ። «በመሃል የሰማሁት ነገር አለ። የተናገርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እስቲ ንገሪኝ፤ ደምለው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ዋሺ አልኩ በልቤ። እግዜር ይቅር ይልሻል፣ በዐቢይ ጾም ቢሆንም ይቅር ይልሻል፣ ዋሺ። አበረም እንደኔ እየጸለየ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ሥራነሽ ወደ ደምለው ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ይታያል።

«አባታችን» አለች። «የሱን ነገር አንድ ጊዜ በሰው መካከል ተናግሬ ጎድቼዋለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም። ፈቃድዎ ከሆነ ወደ ታች እንውረድ፤ የማውቀውን ሁሉ፣ እሱም ባለበት፣ እነግርዎታለሁ።»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ጥያቄያቸው ሲመለስባቸው የኖሩ ሰው አይደሉም። ግንባራቸው ተቋጠረ። መቋሚያቸውን ድንጋዩ ላይ አንዴ መቱት፤ ከዚያ ወደ ታች መራመድ ጀመሩ። ሥራነሽ ተከተለች። ደምለው ጉልበቱን እያራገፈ ከኋላ ሄደ።

ባነጠፍነው መንገድ ላይ ወርደው ሩቅ ቆሙ። እኔ በሕይወቴ ጆሮዬ እንዲያ እንዲሰላ ተመኝቼ አላውቅም፤ ነፋሱ ወደ ወንዙ ስለሆነ አንዲት ቃል አልደረሰችኝም። የሚታየኝ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሥራነሽ ተናገረች፤ ብዙ አልተናገረችም። ቄሱ ወደ ደምለው ዞሩ። ደምለው አቀርቅሮ ጀመረ፣ ከዚያ ቀና አለ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ተናገረ። ያን ያህል ሲናገር አይቼው አላውቅም። ቄሱ በመቋሚያቸው ጫፍ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየነካኩ ይሰሙታል። ይታያል ከጎኔ ቆሞ ኮፍያውን እያጣመመ ነው፤ ላናግረው አልደፈርኩም። በመጨረሻ ደምለው ጎንበስ አለ፤ ቄሱም መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉለት። ጎረምሳ ሆኜ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቄሱ ቀስ ብለው ሽቅብ ወጡ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ልጃቸውን አዩት።

«መዶሻህ የት ነው?» አሉት።

«ቤት ነው» አለ ይታያል።

«ሂድና አምጣው።»

ጥላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ይታያል ግን ወዲያው አልሄደም። ደምለው ወዳለበት ወረደና እንደምን አረፈዱ አለው፤ ደምለውም እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን አረፈዱ አለ። ከዚያ በኋላ ነው መዶሻውን ሊያመጣ እየሮጠ የወጣው። ሥራነሽ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ሄዳ ጥቂት ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ወንፊቷን አንሥታ መንፋት ጀመረች።

እኔ እንግዲህ የተባለውን ሳላውቅ ማደር አልቻልኩም። ደምለውን ስጠይቀው አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ እንጂ አልነገረኝም። ይታያል አያውቅም። ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ሥራነሽን ያዝኳት። ምን አልሻቸው፣ ስለ ጠላው ነገርሻቸው ወይ፣ ስለ ሰንበቴውስ፣ እኔ እኮ ያኔ ደምለው ቤት አብሬሽ የነበርኩ ሰው ነኝ አልኳት። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት።

«ያንተን ነገር ለደምለው ብነግረው ደስ ይልሃል?» አለችኝ።

«የኔን ነገር? የኔን ምን ታውቂና?»

«ምንም አላውቅም» አለች። «አልነገርከኝም።»

አካፋዋን ተሸክማ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ቤቴ ስደርስ ግን የተናደድኩ እንዳልሆነ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ አሸዋ ስትነፋ አገኘኋትና ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። በጥር የድንጋይ ፍንጣሪ ግራ ዓይኔን መትቶኛል። ያን ቀን አጥቤው ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዓይኔ የማየው ጉም ብቻ ነው፤ ድንጋዩን የምጠርበው በአንድ ዓይንና በእጄ እየዳበስኩ ነው። አንድ ዓይና ጠራቢ ማን ያስቀምጠዋል ብዬ ሌት ተቀን እፈራለሁ። ስለ ሰው ሁሉ የማወራው ስለ እኔ እንዳይወራ ነው።

ወንፊቷን አስቀመጠች። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ አላለችኝም። ግራ ዓይኔን በደንብ አየችው።

«ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለች። «ለልጆቹ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበያቸው።»

«እሺ።»

ሐኪሙ ዘግይተሃል አለ፤ ቢሆንም የቀረውን ማዳን ይቻላል ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ከጠራቢነት ተነሥቼ ከደምለው ጋር ሲባጎ መወጠር ጀመርኩ። ደምለው ረዳት ያስፈልገዋል ተባለ፤ እውነትም ያስፈልገው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ተደገሰ፤ ሰኔ ሳይገባ ቁልቁለቱን አስረከብን፤ ሌላ መንገድም ተሰጠን። ልጆቹ ዘማርያም ምን ሆኖ ከጠራቢነት ተነሣ ብለው ሥራነሽን ብዙ ጊዜ ጠይቀዋታል፤ አበረማ እንደኔ አኩርፏታል። ማንም ምንም አልሰማም። ዛሬ እኔው እስክነግራችሁ ድረስ።